ባግ ማግኘት የዓይን ስጦታ አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከፕሮግራመር ወደ ፕሮግራመር ሲዞር የከረመ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። ስለ ባግ፣ ማለትም ስለ ፕሮግራም ስህተት፣ ፍለጋ ነው። ፍሬ ሐሳቡ ይህ ነው፦ ባግ ማግኘት ስጦታ ነው፤ ዓይኑ ያለው ያየዋል፣ የሌለው ቢደክምም አያገኘውም። የተጠቃሚ አቤቱታ ላይ ጊዜ አታጥፋ፤ ተጠቃሚ የሚለውን አያውቅም። በአንድ ሰዓት ያልተገኘ ባግ ካለ ኮዱን ጥለህ እንደ አዲስ ጻፈው። ኮዱ መሃል መሃል ላይ ፕሪንት እያደረጉ (ስክሪን ላይ እያስጻፉ) መፈለግ የጀማሪ ሥራ ነው፤ ባለሙያ በዲባገር (ፕሮግራሙን አቁሞ ውስጡን በሚያሳይ መሣሪያ) ብቻ ይሠራል። አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለመጣ ይህን ሙያ ማስተማር ድካም ነው። ጀማሪ «እርዳኝ» ካለህም ኪቦርዱን ተቀበለውና ጨርስለት።

አንብቤ ላልፈው ነበር። ግን እዚህ ድሬዳዋ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ከምንቀመጥ ወጣቶች አንዷ፣ ሥራ ከጀመረች ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ ጽሑፉን ስልኳ ላይ ከፍታ አሳየችኝና «እኔ ዓይኑ የለኝም ማለት ነው?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከትንሿ ነገር ልጀምር። ጽሑፉ መግቢያው ላይ «ባግ» የሚለው ቃል የተወለደው ኮምፒውተር ውስጥ ከተገኘች የእሳት እራት ነው ይላል። የእሳት እራቷ እውነት ናት። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 (እ.ኤ.አ.) ሃርቫርድ ማርክ 2 የተባለው ማሽን ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ውስጥ ተገኝታ የሥራ መዝገቡ ላይ ተለጥፋለች። ነገር ግን ከጎኗ የተጻፈው ማስታወሻ «በእርግጥም ባግ የተገኘበት የመጀመሪያው አጋጣሚ» የሚል መንፈስ ያለው ነው፤ ቃሉን አስቀድመው ባያውቁት ኖሮ እንዲህ ብለው አይጽፉም ነበር። ቶማስ ኤዲሰን እንኳ በ1878 (እ.ኤ.አ.) በጻፈው ደብዳቤ ቃሉን ለማሽን እንከን ተጠቅሞበታል።

ወደ ዋናው ልመለስ። ስጦታ ነው ይባላል። ሞሪስ ዊልክስ ካምብሪጅ ላይ ኤድሳክ የተባለውን ኮምፒውተር የሠራውን ቡድን የመራ ሰው ነው። ማሽኑ ሥራ የጀመረው በ1949 (እ.ኤ.አ.) ነው። ዊልክስ በዚያን ጊዜ፣ ከቀሪ ዕድሜው ብዙውን የገዛ ፕሮግራሞቹን ስህተት ሲፈልግ እንደሚያሳልፈው በድንገት እንደተገለጠለት በኋላ ጽፏል። ከቀደምት ፕሮግራሞቹ አንዱ 126 መስመር ነበር፤ 20 ያህል ስህተት ተገኝቶበታል። ኮምፒውተሩን ራሱ የሠራው ሰው በስድስት መስመር አንድ ስህተት ከጻፈ፣ «ዓይኑ ያለው» የሚባለው ማን ሊሆን ነው?

ዓይን ያለው የሚመስለን ሰው ምን እንደሚያደርግ ማየት ከፈለግን ሩቅ መሄድ አያሻም። ባጃጅ በሞላበት በዚህ ከተማ ማንኛውም ጥግ ላይ ያለ መካኒክ በቂ ነው። ባጃጇ አልነሳም ስትል ሰውየው ሞተሩን ከላይ እስከ ታች አይፈታም። ካንዴላውን ነቅሎ ከብረት ያስጠጋና ያስነሳዋል። እሳት ከረጨ የኤሌክትሪኩ ወገን ደህና ነው፤ ወደ ቤንዚኑ ይሄዳል። ካልረጨ ቤንዚኑን ይተወዋል። አንድ ሙከራ፣ ግማሽ ሞተር ከጥርጣሬ ወጣ። ለማጁ አጠገቡ ቆሞ ይህን በሦስት ወር ይለምደዋል። ማንም «የካንዴላ ዓይን አለው» አይለውም።

አሁን «ተጠቃሚ የሚለውን አያውቅም» ወደሚለው። ከጽሑፉ ሁሉ በጣም ያስቆጣኝ ይህ ስለሆነ ያየሁትን በዝርዝር እናገራለሁ።

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት መግቢያ ላይ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ ግርግር ተነሳ። ተበዳሪዎች «በቀኑ ከፍለን ቅጣት ተጣለብን» እያሉ መጡ። ሲስተሙን የሚከታተለው ወጣት ከኃላፊዎቹ የሰማው «ሲስተሙ አበደ» የሚል ብቻ ነበር። ሁለት ቀን ታገለ፤ ቅጣት የሚያሰላውን ክፍል ጥሎ እንደ አዲስ ጻፈው። ልክ ጽሑፉ እንደሚመክረው። ቅጣቱ እንደነበረው ቀጠለ። ከዚያ ደወለልኝ።

ኮዱን ከማየታችን በፊት ገንዘብ ያዧ ዘንድ እንሂድ አልኩት። ከቀትር በኋላ ነበር፤ ከዚራ ሰፈር በሙቀት ጭር ብሏል፤ ሴትየዋ መስኮቷ ጋ ቬንትሌተር ከፍታ ተቀምጣለች። ሲስተሙ አበደ ወይ ስንላት እንዲህ አለች፦

«አቦ ምን ያብዳል! ቀደም ብሎ የከፈለ አንድም ሰው አልተቀጣም። የሚቀጡት በመጨረሻዋ ቀን የሚመጡት ናቸው። ደሞ ደረሰኙ የነገን ቀን ነው የሚጽፈው። እኔ በእስክሪብቶ እየሰረዝኩ ነው የምሰጣቸው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ ነዋ።»

«ለማን ተናገርሽ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

የተሰረዙትን ደረሰኞች ቀሪ ከጥራዙ ገልጣ አሳየችን። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ አንድ በአንድ፣ የቀኑ ቁጥር በአንድ ዝቅ ብሏል። ያ ጥራዝ ሁለት ቀን ሙሉ የተፈለገውን ነገር ከሞላ ጎደል ይዞ ነበር፦ ስህተቱ አንድ ቀን ነው፤ ያለው ቅጣቱ ላይ ሳይሆን ቀኑ ላይ ነው፤ የጀመረውም ከዘመን መለወጫ ነው። ተጠቃሚ ምክንያቱን ላያውቅ ይችላል። ያየውን ግን ያውቃል፤ እኛ የምንፈልገውም ያየውን ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ እዚህ ግን በሽተኛው አልደበቀም፣ ሐኪሙ ነው ያልጠየቀው።

ቀጣዩ ደግሞ «ከአንድ ሰዓት በላይ አትፈልግ» ለሚለው መልስ ይሆናል። ስህተቱ ሲጀምር ኮዱ ከዓመት በላይ አልተነካም ነበር። ስለዚህ የድሮ ኮሚቶችን (በየጊዜው የተመዘገቡ የኮድ ለውጦችን) መበርበር ፋይዳ የለውም። የተለወጠው ኮዱ ሳይሆን ቀኑ ነው። የቀን መቀየሪያውን ላፕቶፕ ላይ ለብቻው አውጥተን ሞከርነው። ኦክቶበር 10 ቀን 2022 ስንሰጠው መስከረም 30 ቀን 2015 አለ፤ ትክክል ነው። ኦክቶበር 11 ቀን 2023 ስንሰጠው ጥቅምት 1 ቀን 2016 አለ፤ ማለት የነበረበት መስከረም 30 ነው። በመካከላቸው 366 ቀን አለ። መሃሉን ሞክር፤ ትክክል ከሆነ የኋለኛውን ግማሽ ያዝ፣ ስህተት ከሆነ የፊተኛውን። ዘጠኝ ሙከራ በቃ። ሴፕቴምበር 10 ቀን 2023 ጳጉሜ 5 ይላል። ሴፕቴምበር 11 መስከረም 1 ይላል።

ጳጉሜ 6 የለችም!

ያን ዓመት፣ 2015፣ ጳጉሜ ስድስት ቀን ነበራት። አዲሱ ዓመት የገባው ሴፕቴምበር 12 ነው። ኮዱ ውስጥ ግን ዘመን መለወጫ ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው የሚል አንድ መስመር ተቀምጧል። ሲስተሙ ሥራ የጀመረው በ2013 ስለነበር ከዚያ በፊት ጳጉሜ 6 አጋጥሞት አያውቅም። ሦስት ዓመት ያለ እንከን ሠርቶ በአራተኛው ሰዉን ሁሉ በአንድ ቀን አዘገየ።

ታዲያ እንደ አዲስ የተጻፈው የቅጣት ስሌት ለምን አልሠራም? ልጁ አዲሱን ሲጽፍ የቀን መቀየሪያውን ከአሮጌው ገልብጦ ስለወሰደው ነው። አዲስ ቤት ሠርቶ የአሮጌውን በር ገጠመበት። ባይገለብጠው እንኳ፣ ዘመን መለወጫ ሴፕቴምበር 11 ነው የሚለው እምነት ያለው ጭንቅላቱ ውስጥ ስለሆነ ያንኑ መልሶ ይጽፈው ነበር። እንደ አዲስ መጻፍ የማታውቀውን ስህተት አያጠፋም፤ ቦታውን ይቀይረዋል፣ ያውም ሌሎች አዳዲስ ስህተቶች ጨምሮ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚባለው ለዚህ ነው። (በነገራችን ላይ ጳጉሜ እንደገና ስድስት የምትሆነው በ2019 ነው። የኢትዮጵያን ቀን የሚያሰላ ኮድ ያላችሁ ዛሬውኑ ሞክሩት።)

ኮዱ ተነካክቶ የተበላሸ ከሆነ ደግሞ ያው ማጋመስ በኮሚቶች ላይ ይሠራል። የኮድ ለውጥ መዝጋቢው ጊት ይህን የሚያደርግ «ባይሴክት» የሚባል ትእዛዝ አብሮት አለ። ይሠራ የነበረውንና የማይሠራውን ትነግረዋለህ፤ በመካከላቸው 1000 ኮሚት ቢኖር በ10 ሙከራ ያበላሸውን ኮሚት ያስይዝሃል። ኢንተርኔትም አይፈልግም፤ ታሪኩ ሁሉ ያለው የራስህ ማሽን ላይ ነው። አንድ ሰዓት የሚለውን ገደብ ያወጣ ሰው እንዲህ ፈልጎ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ስለ ፕሪንትና ዲባገር ግማሽ መንገድ ከጸሐፊው ጋር እሄዳለሁ። ዲባገር ግሩም መሣሪያ ነው። ጂዲቢ የተባለው ዲባገር ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በነፃ አለ፤ ፓይተን የራሱ አለው፤ ብሮውዘሮችም አላቸው። መማር ያለበት ነገር ነው። «በዲባገር ብቻ» ሲባል ግን እለያለሁ። ዲባገር ፕሮግራሙን ያቆመዋል። ሁለት ገንዘብ ያዦች በአንድ ሰከንድ አንዱን ሒሳብ ሲነኩ ብቻ የሚታይ ባግ፣ አንዱን ስታቆመው ሌላው ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል፤ ባጉም አብሮ ይጠፋል። ደግሞም ደንበኛህ ቢሮ ለሚሠራው ማሽን ዲባገር ይዘህ አትሄድም። እዚያ ምስክርህ ሎግ (ፕሮግራሙ የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ብቻ ነው፤ እሱንም አስቀድመህ ካልጻፍከው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ከፕሪንት ጋር ያለው እውነተኛ ችግር ሌላ ነው። ልጆቹ ኮዱ ላይ «እዚህ ደረሰ 1»፣ «እዚህ ደረሰ 2» እያሉ ይበትኑና ስክሪኑ ሲሞላ ግራ ይገባቸዋል። ስለዚህ አንድ ነገር አስለምዳቸዋለሁ፤ ፕሪንት ከማድረጋችሁ በፊት ምን ይወጣል ብላችሁ እንደምትጠብቁ ወረቀት ላይ ጻፉ። የወጣው ከተጻፈው ከተለየ ባጉ ከዚያ መስመር በላይ ነው። ከገጠመ ከዚያ በታች ነው። ሳይጽፉ ያየ ሰው የወጣውን ሁሉ «ልክ ነው መሰለኝ» ብሎ ያልፈዋል፤ እኔም ብዙ ጊዜ አልፌዋለሁ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በሚመለከት፣ እኔም በየቀኑ እጠቀምበታለሁ፤ ያልገባኝን ኮድ ያስረዳኛል፣ የኤረር መልእክት ይተረጉምልኛል። ግን ያ ወጣት ሁለት ቀን ሲታገል እሱንም ጠይቆ ነበር። የቅጣት ስሌቱን ኮድ ብቻ ለጥፎ «በቀኑ የከፈሉት ይቀጣሉ» አለው። የተመለሰለት ምክር ማነጻጸሪያው ላይ የአንድ ቀን ችሮታ ጨምር የሚል ነው። አስቡት! ቢያደርገው ቅሬታው በዚያው ቀን ይጠፋ ነበር። ደረሰኙ ግን የነገን ቀን መጻፉን ይቀጥላል፤ መስከረም 2017 ሲገባ ደግሞ ቀኑ በራሱ ይስተካከልና ማኅበሩ ለሁሉም ሰው አንድ ቀን በነፃ ይሰጣል። መሣሪያው አልዋሸም። የተሰጠው ኮድ ውስጥ ባጉ አልነበረም፤ ጥራዙን ደግሞ አላየም። ምን እንደሚያሳዩት ለማወቅ ፍለጋውን መቻል ያስፈልጋል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ2002 (እ.ኤ.አ.) ጆርጅያ ቴክ ላይ ታራንቱላ የሚባል ዘዴ ቀረበ፦ የወደቁ ቴስቶች (የፕሮግራም መፈተሻዎች) አብዝተው የሚያልፉበት፣ ያለፉት ግን የማይረግጡት መስመር ይበልጥ ይጠረጠራል፤ መስመሮቹም በጥርጣሬ ደረጃ ይቀመጣሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ከሱ በኋላም ብዙ ተመሳሳይ መጥተዋል። በ2011 (እ.ኤ.አ.) ግን ፓርኒንና ኦርሶ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ፕሮግራመሮችን አስቀምጠው እንዲህ ያለውን ዝርዝር ሰጥተው ሲያዩ፣ የተበላሸውን መስመር ማሳየት ብቻውን ስህተቱን ለመረዳት እንደማይበቃ አገኙ። ሰው መስመሩን እያየው ያልፈዋል፤ ለምን ስህተት እንደሆነ ካልገባው ለሱ ከሌላው መስመር አይለይም። ያ ሴፕቴምበር 11 የሚለው መስመር በቀይ ቀለም ቢሰመርበት እንኳ፣ ጳጉሜ 6ን ላላሰበ ሰው ንጹሕ ኮድ ነው።

የመጨረሻው፣ ለኔ ከሁሉ የሚከብደው፣ «ኪቦርዱን ተቀበለውና ጨርስለት» የሚለው ነው። ጸሐፊው ይህን በደግነት እንዳሉት አልጠራጠርም። ልጅ ሲጨነቅ አይቶ ዝም ማለት ይከብዳል። ግን ኪቦርዱን የተቀበልክ ዕለት ልጁ የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባግ ሲያጋጥም አንተን መጥራት።

መጀመሪያ ላይ ያነሳኋት ልጅ አንድ ቅዳሜ ከፋይል ጋር መጣች። የደንበኞችን ስም ዝርዝር ወደ ሌላ ሲስተም የሚልክ ፕሮግራም ነው፤ 1200 ስም አለው፤ ተቀባዩ ሲስተም ፋይሉን አልቀበልም ይላል፣ የትኛው መስመር እንደሆነ ግን አይናገርም። «እየው እስቲ» ብላ ላፕቶፑን ወደኔ ገፋችው። መልሼ ገፋሁላት።

ምን ይሆናል ብለሽ ጠበቅሽ? ምን ሆነ? መጨረሻ የሠራው መቼ ነው? ሦስቱን ጠየቅኳት። ለሦስተኛው ስትመልስ ቆም አለች፤ ስሞቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፉ ይሠራ ነበር፣ ወደ አማርኛ ከተቀየሩ ወዲህ ነው የቆመው። ይህን እያወቀች ለማንም አልተናገረችውም ነበር፣ ከራሷ ጋርም አላነሳችውም።

ከዚያ ፋይሉን ለሁለት ክፈዪው አልኳት። አንድሪያስ ዜለር የሚባል የኮምፒውተር ሳይንስ ሰው ይህን የማሳነስ ሥራ ማሽን ራሱ እንዲሠራው የሚያስችል ዘዴ አውጥቷል፤ በእጅም ግን ይሠራል። ከፈለችው። ሁለቱም ግማሽ ወደቀ። ፊቷ ተለዋወጠ፤ «በቃ አይሆንም» አለች። ሁለቱም መውደቁ ራሱ መረጃ ነው፤ ችግሩ የአንድ ሰው ስም ሳይሆን የአንድ ዓይነት ስም ነው ማለት ነው። አንዱን ምረጪና ቀጥዪ። ከፈለች፣ ከፈለች፣ አንድ መስመር ቀረ፦ አብዱረህማን። ተመልሳ ከሌላው ግማሽ እንዲሁ ስታወጣ ወልደገብርኤል ወጣ። መሐመድ ያልፋል፣ ሐና ታልፋለች።

እውነቱን ለመናገር አብዱረህማንን ሳይ እኔ አውቄዋለሁ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሻዩን አነሳሁ።

ስሞቹን ጎን ለጎን ጽፋ ፊደል መቁጠር ጀመረች። ስድስት ፊደል ያለው ያልፋል። ሰባት ያለው ይወድቃል። «ግን የስም ቦታው 20 ነው እኮ» አለች። «20 ምን?» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ የፋይሉን ሰነድ ከፍታ አየች፤ 20 ባይት (የማከማቻ ቦታ መለኪያ) ይላል። የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጥበት ስልት) ሦስት ሦስት ባይት ይይዛል። ስድስት ፊደል 18፣ ሰባት ፊደል 21። አብዱረህማን ስድስት ፊደሉ ገብቶ፣ «ን» ሁለት ባይት ከገባ በኋላ ሦስተኛው ተቆርጦ ቀርቷል፤ ተቀባዩ ሲስተም ያችን ጎዶሎ ፊደል ሲያይ ፋይሉን ሁሉ ጣለው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ያው ስም 10 ባይት ስለነበር ማንም አላየውም።

ወደ ሁለት ሰዓት ፈጅቶብናል። እኔ ብሠራው ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም ነበር፤ ጸሐፊው ይህን ቢያነሱብኝ ልክ ናቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ማታ ደወለችልኝ። መሥሪያ ቤቷ ለደንበኞች የሚልከው የኤስኤምኤስ ወጪ ከታሰበው እጥፍ ሆኖባቸው ሁለት ሰዎች ኦፕሬተሩን ሲወቅሱ ሰንብተዋል። እሷ መልእክቱን በየፊደሉ እየቆረጠች ወደ ራሷ ስልክ ላከች። በግእዝ ፊደል የተጻፈ አንድ ኤስኤምኤስ 70 ፊደል ብቻ ይይዛል፤ የነሱ መልእክት መጨረሻ ላይ ካለው አራት ነጥብ ጋር 71 ነበር። አራት ነጥቡን አጠፋችው። የደወለችው ልትጠይቀኝ አልነበረም።